የአያትዎን የጭቃ ቤት ከማፍረስዎ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። «ሱሉልታ ላይ ከአያቴ የወረስኩት የጭቃ ቤት አለ። 8 በ10 ሜትር ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ግቢው 1,000 ካሬ ይሆናል። አያቴ ካረፉ 4 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤቱም እስካሁን ተዘግቶ ነው የቆየው። ኪራይ ስለመረረን ከባለቤቴና ከ2 ልጆቼ ጋር ልንገባበት አስበናል። የግድግዳው ግርጌ ይረጥባል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ በጓሮ በኩል ያለው ማዕዘን ተሰንጥቋል። አንዱ ኮንትራክተር ‹አፍርሰው በብሎኬት ይሥሩት› አለኝ። ሌላው ‹ሽቦ አልብሰን በሲሚንቶ እንለስነው› ይላል። ከኋላ የተሰለፉ ባሕር ዛፎች አሉ። ግቢው ላይ አትክልትም ፍራፍሬም መትከል እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ሁለቱንም ኮንትራክተሮች ለጊዜው ያቆዩዋቸው። ስልካቸውን አያጥፉት፣ ቀብድም አይስጡ። ጥያቄዎ የደረሰኝ ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ሰኔ ደጅ ላይ ቆሟል። በዚህ ሰዓት ግድግዳ የነካ ሰው ክረምቱን ሙሉ በሸራ ስር ነው የሚያሳልፈው። አሁን ያለዎት ሥራ አንድ ነው፤ ውሃውን ከቤቱ ማራቅ። ሌላው ሁሉ ከመስከረም በኋላ ይደርሳል።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የጭቃ ቤት ስላረጀ ብቻ አይወድቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቆሙ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። የሚጥላቸው ውሃ ነው። ውሃው የሚገባው ደግሞ በክዳኑ ወይም በእግሩ በኩል ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእርስዎ ክዳን ከነክፍክፉ 100 ካሬ አካባቢ ይሆናል። ደህና አድርጎ የጣለ የሐምሌ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 3,000 ሊትር ውሃ ከጣሪያዎ ወረደ ማለት ነው። በአንድ ከሰዓት! አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚጥለው። አሸንዳ ከሌለዎት ይህ ሁሉ ውሃ የሚያርፈው ግድግዳው እግር ስር ነው። ቤቱ እስካሁን መቆሙ ራሱ ይገርማል።

አሁን ወጣ ይበሉና ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙሩት። እርጥበቱን ያንብቡት። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ረጥቦ፣ ላዩ ላይ ጭቃ የተረጨበት ከመሰለ፣ ከክፍክፉ የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ ነው የሚመታው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቡናማ መስመር ካዩ ክዳኑ ያፈሳል። ከውስጥም ከውጭም እኩል ረጥቦ ነጭ ጨው ካወጣ ደግሞ ውሃው ከመሬት ነው የሚመጣው።

ከዚያ ደጃፉ ላይ ይቁሙና የውጩን መሬት ከውስጡ ወለል ጋር ያስተያዩት። የውጩ ከፍ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ። በድሮ ቤት በጣም የተለመደ ነው። በየዓመቱ አመድ ይደፋል፣ ቅጠል ይበሰብሳል፣ አበባ ይተከላል፣ መሬቱ ከፍ ይላል። አያትዎ ግድግዳ ተጠግተው ጽጌረዳ ተክለው ከሆነ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቤቱንም ጭምር ሲያጠጡት ነው የኖሩት። ጽጌረዳዋን አይጣሏት። ሰኔ ላይ ጠንከር ካለ ቅርንጫፏ እርሳስ የሚያህል ቆርጠው ሌላ ቦታ ይትከሉ፤ ትይዛለች።

ከግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለውን አፈር ያስነሱ፤ ከወለሉ በ20 ሳንቲም ዝቅ እስኪል። ተዳፋቱ ወደ ውጭ ይሁን። በየሜትሩ 5 ሳንቲም ዝቅ ቢል ይበቃል። በዳሩ ላይ ክፍት ቦይ ይቆፈርና ውሃውን ወደ ግቢው ዝቅተኛ ቦታ ይውሰደው። የመሠረቱ ድንጋይ ሥር ግን እንዳይገቡ፤ ድንጋዩ ስሩ ባዶ ሆኖ ከታየዎት ሠራተኛውን ያስቁሙ። አንዳንዱ ባለሙያ ግድግዳ ተጠግቶ ቦይ ቆፍሮ በጠጠር ይሞላል። ለሌላ አፈር ደህና ነው። ለሱሉልታ ጥቁር አፈር ግን ውሃን መሠረቱ ጎን አጠራቅሞ እንደማስቀመጥ ነውና አልመክርም።

ወደ ክዳኑ እንውጣ። ፀሐይ ባለበት ቀን ከኮርኒሱ በላይ ባሉት አግዳሚዎች ላይ ሰው ይውጣና የገባበትን ይዝጋ። ጨለማው ውስጥ ብርሃን የሚያበራባት ነጥብ ሁሉ ቀዳዳ ነች። በጠመኔ ምልክት ያድርግባት። አብዛኛዎቹ የሚስማር ቀዳዳዎች ሆነው ያገኟቸዋል፤ ሚስማሩ ላልቶ ወጥቷል፣ ጎማው ደርቆ ረግፏል። እነዚህን ረዘም ባለና ጎማ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቆርቆሮው መደራረቢያው ላይ በዝገት ወንፊት ከሆነ ግን እሱን ሉክ ብቻ ይቀይሩት፣ መላ ክዳኑን አያስነሱ። ሲገዙ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩን፣ ይጠይቁ። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ባለ 28ቱ ከባለ 32ቱ ይበልጣል። ሱሉልታ በረዶ ይጥላል፣ ነፋሱም አይጣል ነው። ለስስ ቆርቆሮ የሚሆን አገር አይደለም።

አሸንዳ ያሠሩ። እዚህ ላይ አይቆጥቡ። ውሃውን ሮቶ ውስጥ ካስገቡት ደግሞ ለአትክልቱ ይሆንልዎታል። ሮቶው ግን ግድግዳ አይጠጋ። የ3,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 3 ቶን ይመዝናል። ሲሞላ የሚተፋበትም ቱቦ ይኑረው፤ መጨረሻው ቦዩ ውስጥ።

ከመግባትዎ በፊት አንድ የደኅንነት ምርመራ አለ። ዕቃው ካቻቢቴ ብቻ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያሉት ቋሚዎች የሚበሰብሱት መሬት የሚገቡበት ቦታ ላይ ነው። ልስኑ በረገፈበት በኩል ጭቃውን ትንሽ ፈርፍረው እንጨቱን ያግኙት። ካቻቢቴውን ልክ መሬት በሚገባበት ቦታ ላይ ይግፉት። የማይገባ ከሆነ እሰየው። አንድ ሁለት ሳንቲም ገብቶ ከቆመ ላዩ ብቻ ነው የተበላው። እስከ እጀታው ሰተት ካለ ያ ቋሚ የለም ብለው ይቁጠሩት፤ ቤቱን የያዘው አጠገቡ ያለው ቋሚ ነው። ማዕዘኖቹን፣ የበርና የመስኮት ግራ ቀኙን፣ ከዚያ መሐል መሐሉን ይሞክሩ። በየቋሚው ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጻፉና ውጤቱን ደብተር ላይ ያስፍሩ።

እግረ መንገድዎን እንጨቱን በቢላ ፋቅ ያድርጉት። ቀላ ብሎ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ የሚሸት ከሆነ የሐበሻ ጥድ ነው። ጥድ መበስበስንም ነቀዝንም ይችላል። ዛሬ እንዲህ ያለ እንጨት በገንዘብም አይገኝም። ይህን ቤት አፍርሶ ብሎኬት መደርደር ያን ጊዜ ኃጢአት ይሆንብዎታል። ባሕር ዛፍ ከሆነም ችግር የለም፤ እግሩ እንጂ አናቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

የተሰነጠቀው ማዕዘን ላይ ቋሚው በስብሶ ካገኙት ክረምቱ ሳይገባ ፑንቴሎ (የድጋፍ እንጨት) ያስቁሙለት። እዚያ ክፍል ማንም አይደርበት። የፊት ክፍሎቹ ምርመራውን ካለፉ ግን እዚያው ገብታችሁ ክረምቱን ብታሳልፉ ደስ ይለኛል። ቤት የሚታወቀው በክረምት ነው። ደግሞም የተዘጋ ቤት ቶሎ ይበሰብሳል። እሳት አይነድበት፣ መስኮት አይከፈትበት፣ እርጥበቱ መውጫ የለው። ሰው ሲገባበት ብቻ ምን ያህል እንደሚደርቅ ያዩታል።

አሁን ስለ ሲሚንቶው። ምክሩ የተለመደ ነው፤ ግድግዳው ላይ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ይመታል፣ በሲሚንቶ ይለሰናል፣ በኳርትዝ ቀለም ይቀባል። በስድስት ወሩ ቪላ ይመስላል። ውስጡን ግን የሚያይ የለም። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በላዩ በኩል ወደ አየር ይለቃል። ሲሚንቶ ሲለብስ መውጫ ያጣል፤ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ልብስ ለብሶ እንደሚሄድ ሰው ውስጥ ውስጡን ያልበዋል። ሲሚንቶና ጭቃ ደግሞ እኩል አያብጡም፣ እኩል አይኮማተሩም። ልስኑ ይላቀቃል። በጣትዎ ኳ ኳ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በስንጥቁ የገባ ዝናብ እዚያው ይቀራል፣ ቋሚውና ማገሩ በሰላም ይበሰብሳሉ። ሽቦ ለብሶ ያማረ ግድግዳ ድንገት በአንድ ጎኑ ሲቀመጥ ባለቤቱ «ምንም አልነበረውም እኮ!» ይላል። ነበረው፤ ተሸፍኖ ነው።

አፍርሱት ያለዎትም ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ከግማሽ በላይ ቋሚዎች እግራቸው ካለቀ፣ አናታቸውም በነቀዝ ከተበላ፣ ማፍረሱ ሊያዋጣ ይችላል። ያ ካልሆነ ግን ያስቡበት። ብሎኬት ጥቁር አፈር ላይ ያለ ደህና መሠረትና ያለ ፌሮ ከተሠራ የጭቃው ቤት የተሰነጠቀበት ምክንያት እሱንም ይሰነጥቀዋል። ጭቃው ስንጥቁ በአንድ ቅዳሜ ይመረጋል፣ ብሎኬቱ አይመረግም። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ማገሩና ቋሚው የተያያዘ የእንጨት ቤት መወዛወዝ እንደሚችል አስታውሼ ነበር። ፌሮ የሌለው ግንብ ግን አይወዛወዝም፣ ይፈርሳል።

ስንጥቁ ከየት መጣ? ግምቴን ልንገርዎ። ጥቁር አፈር፣ ገበሬው ዋልካ የሚለው፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤትዎ በየዓመቱ ትንሽ ይነሳል፣ ትንሽ ይወርዳል። በዚያ ላይ ባሕር ዛፎቹ ባሉበት በኩል መሬቱ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይደርቃል፤ ሥራቸው ሩቅ ሄዶ ይጠጣል። ማዕዘኑ የሰመጠው ለዚያ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ሚስማር ይምቱ። በየወሩ መጀመሪያ በሚስማሮቹ አናት መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ይጻፉ። ክረምት ላይ ጠብቦ በጋ ላይ ከሰፋ ጥፋተኛው አፈሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ እየሰፋ ብቻ ከሄደ እግሩ በስብሶ እየወረደ ነው።

ባሕር ዛፎቹን አንድ ቀን ገብተው አይጨፍጭፏቸው። ለቤቱ የቀረቡት ይውጡ፤ ነፋስ ቢጥላቸው ክዳን የሚያገኙት ሁሉ። ግን በሁለት ዓመት ተከፋፍለው ይውጡ። ዛፉ ሲሄድ የደረቀው አፈር እንደገና ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ሁሉንም ባንዴ ካነሱ ማዕዘኑ በተራው ወደ ላይ ይገፋል። አጣናውን አይሽጡ፣ ለፑንቴሎና ለአጥር ያስፈልግዎታል። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቡቃያውን በየጊዜው ካልመለመሉ በሦስት ዓመት ጫካው ተመልሶ ይመጣል። ግቢው ውስጥ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ወይም ዝግባ ካለ ግን ሳይጠይቁ መጥረቢያ እንዳያነሱ። ሀገር በቀል ዛፍ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቢቆረጥም ያሳዝናል።

ሐምሌና ነሐሴ የወረቀት ጊዜ ይሁንልዎ። ሱሉልታ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ነው። የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ወጥቶ ካርታው በእርስዎ ስም ዞሯል? ቤቱ ፕላን ላይ መንገድ ይነካዋል? ይህን ሳያጣሩ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አይግዙ። ለእድሳትም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቋሚ ሲቀየር ያየ ደንብ አስከባሪ ግንባታ ነው ብሎ ያስቆምዎታል። እግረ መንገድዎን እድር ይግቡ። ኦሮምኛ ካልቻሉ ሰላምታውን ያህል ይልመዱ። ውሃ ሲጠፋ፣ ጅብ አጥር ሲሰብር፣ ጭቃ የሚረግጥ ሰው ሲፈለግ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

ጥቅምት ሲገባ እውነተኛው ሥራ ይጀመራል። የመጀመሪያው የቋሚ እግር መቀየር ነው። እዚህ ላይ እርስዎ ራስዎ ቢቆሙ ጥሩ ነው፤ አናጢዎች ለመቸኮል የሚዘሉት ነገር ብዙ ነው።

ከሚቀየረው ቋሚ ግራና ቀኝ ወፍራም አጣና ይቆማል። ከስሩ ሰፊ ሳንቃ ይነጠፋል፣ አለበለዚያ እርጥብ አፈር ውስጥ ይሰምጣል። ከላይ ከአግዳሚው ጋር በሽብልቅ ይጠብቃል። የመኪና ክሪክ ይደረግና ቀስ ተብሎ ይነሳል፤ ቋሚው ከጭነቱ እስኪላቀቅ ብቻ። የሰመጠውን ማዕዘን በአንድ ቀን ቀና አደርጋለሁ የሚል ካለ ይሸኙት። ከዚያ ግርጌው ላይ ያለው ጭቃ እስከ ጉልበት ይፈርሳል፣ የበሰበሰው ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ በመጋዝ ይቆረጣል። ከስሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል። የግንቡ አናት ከውጩ መሬት 30 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል። ሲሚንቶ ቦታው እዚህ ነው። እንጨቱና ግንቡ በሚገናኙበት ቦታ ወፍራም ላስቲክ ወይም ሬንጅ ይግባበት፤ ውሃ ወደ እንጨቱ እንዳይወጣ። ግንቡ ውስጥ የተቀበረ ፌሮ ወይም ላሜራ እንጨቱን አንቆ ይያዘው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ አይነኩም። አንዱ ተገንብቶ ደርቆ ጭነቱን ሲቀበል ነው ወደ ቀጣዩ የሚታለፈው። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ። ነቀዝን ይከላከላል፣ ግን ይሸታል፣ አፈሩንም ያበላሻል። ጎመን ሊተክሉ ባሰቡበት በኩል አይሁን።

ከዚያ ምርጊቱ። ጭቃውን ከግቢዎ ጥቁር አፈር አያቡኩት፤ ግድግዳው ላይ ሲደርቅ ይፈነካከታል። ቀይ አፈር ያስመጡ። ጉድጓድ ውስጥ ከውሃና ከጤፍ ጭድ ጋር ይረገጣል፣ ተሸፍኖ ይቦካል። ሁለት ሳምንት ይሰንብት። በሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ ይገላበጥ፣ ይረገጥ። መሽተት ሲጀምር ደስ ይበልዎ፤ ጭዱ እየበሰበሰ ጭቃውን እያጣበቀው ነው። ጎረቤት ሽታው ከከበደው ቡና ይጥሩት። ልኩን ለማወቅ የጭዱን መጠን ለዋውጠው ከጓሮ በኩል ሦስት ቦታ በትንሽ በትንሹ ይምረጉና ሲደርቅ ይዩት። ያልተሰነጠቀው ያሸንፋል። የመጀመሪያው ድርብ መሰንጠቁ አይቀርም፣ አይጨነቁ። በደንብ ይድረቅና ሁለተኛው ቀጠን ያለ ጭቃ ስንጥቁን ይሞላዋል። ማለስለሻው እበትና አመድ ነው፤ በላዩ ኖራ ይቀባል። ፕላስቲክ ቀለምም ኳርትዝም ይቅርብዎት፤ እነሱም ያፍኑታል። ኖራ በየሁለት ሦስት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ቤት ማሳመር ድሮም የነበረ ነው።

ይህን የሚችል ሰው አዲስ አበባ ካለው ሳይት አይፈልጉ። እዚያው ሱሉልታ ወይም ወደ ጫንጮ ወጣ ብለው በዕድሜ ገፋ ያሉትን ይጠይቁ። እጃቸው ያውቀዋል።

ውስጡን በፍጥነት ልለፈው። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ከስሩ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች መሠረቱ ላይ ነበሩት፤ አፈር ስታስነሱ ታገኟቸዋላችሁ፤ አጽድታችሁ አይጥ የማያስገባ ወንፊት አድርጉባቸው። ሴራሚክ ለመደርደር አይቸኩሉ። አቡጀዲው ኮርኒስ ይውረድ፤ የአይጥና የአቧራ ጎተራ ነው። በችፑድ ይተኩት፤ ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ይቀዘቅዛልና ኮርኒስ ቅንጦት አይደለም። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። በመብራት መስመር ላይ ከሰኩት ያረጀው ሽቦ እንጨት ግድግዳ ውስጥ ይግላል። የራሱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። የተሻለው ግን ምጣዱ እንደ ድሮው ማድ ቤት ውስጥ ይቆይ።

መታጠቢያ ቤትን ጭቃው ቤት ውስጥ አይክተቱት። እዚህ ላይ ባለቤትዎም ቢለምኑ እሺ አይበሉ። ከጎኑ ለብቻው መሠረት ያለው ትንሽ የብሎኬት ክፍል ይሠራና በተከደነ መተላለፊያ ይገናኝ። ሁለቱ ግድግዳዎች አይነካኩ፤ በጥቁር አፈር ላይ እኩል አይንቀሳቀሱም። ጥቁር አፈር ፍሳሽም አይመጥም። የማስረጊያ ጉድጓዱ በጋ ላይ ደህና ሆኖ ነሐሴ ላይ ሞልቶ ይመለሳል። ስለዚህ ሴፕቲክ ታንኩ የሚመጠጥ ይሁን፣ የቦቴ መግቢያም ይተውለት። የውሃ ጉድጓድ ካለዎት ከ30 ሜትር ያላነሰ ይራቅ፣ በቁልቁለቱ በኩልም ይሁን።

የግቢው ነገር። አሁን በሰኔ ሊተክሉ እንደቋመጡ ይገባኛል። ዘንድሮ ግን ከቤቱ በሦስት ሜትር ውስጥ ምንም አይትከሉ፤ ጥቅምት ላይ ሠራተኛ ይረግጠዋል፣ ከዚያም በኋላ ውሃ የሚጠጣ ነገር ግድግዳ አጠገብ አንፈልግም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፊ ነው።

ጥቁር አፈር ለም ነው፤ ችግሩ ክረምት ላይ መተንፈስ ማቃቱ ነው። ስለዚህ መደብ ከፍ አድርገው ይሥሩ፣ በመሐሉ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይተዉ። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ያሉ ገበሬዎች ማሳቸውን በእጃቸው እንዲህ አድርገው በመደብና በቦይ ከፋፍለው ነው ስንዴ የሚያመርቱት። እርስዎም አንድ ሜትር ከሃያ ስፋት ያለው መደብ ከ20 እስከ 30 ሳንቲም ከፍ ቢያደርጉ ከሁለቱም ጎን እጅዎ ይደርሳል። አመድ፣ ፍግ፣ የበሰበሰ ቅጠል ያብሉት። ከባሕር ዛፍ ሥር የተጠረገ ቅጠል ግን አይጨምሩ።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት ይሆንልዎታል። ድንች ደግሞ የአገሩ ነው። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን ጉደኔን፣ ጃለኔን ወይም በለጠን ዘር ይፈልጉ፤ በክረምት ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ ከተራው ዘር የተሻለ ይቋቋማሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ያለ ላስቲክ ቤት አይድከሙባቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ማታ አረንጓዴ የነበረው ጠዋት የተቀቀለ ይመስላል። አቮካዶና ማንጎም ያው ናቸው። ችግኝ ሻጩ «ይሆናል እማዬ» ይልዎታል፤ ለእሱ ይሆናል። አፕል፣ ፕሪምና ኮክ ግን ብርድ ይወዳሉ። የተከተበ (በሌላ ሥር ላይ የተዳቀለ) ችግኝ ይግዙ፤ አፕል ከሆነ አንድ ዓይነት ብቻ አይትከሉ፣ አበባቸው የሚገጥም ሁለት ዓይነት ይሁኑ። ጉድጓዱን ጥቁር አፈር ውስጥ ቆፍረው ብቻ አይትከሉባቸው፤ ክረምት ላይ ገንዳ ይሆንና ሥራቸው ይታፈናል። ጉብታ ላይ ይትከሉ። ጌሾና ጤና አዳም ከማድ ቤቱ አጠገብ አንዳንድ ጥግ ይበቃቸዋል። እንሰትም ያምራል፣ ነፋሱ ቅጠሉን እንዳይተለትለው ግን ከለላ ያለበት ቦታ ይስጡት።

ባሕር ዛፎቹ ሲወጡ ነፋሱ ባዶ ያገኛችኋል። ስለዚህ ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ ከመጨረሻው ዙር ቆረጣ በፊት፣ በአጥሩ ዳር የፈረንጅ ጥድ ወይም ቀጋ ያስይዙ። ቀጋ እሾሁ አጥር ነው፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። በሩቁ ጥግ፣ ከቤቱ ቢያንስ 15 ሜትር ርቆ፣ አንድ ኮሶ ወይም ወይራ ይትከሉ።

የቋሚዎቹን ምርመራ ሲጨርሱ ውጤቱን ይላኩልኝ፤ ስንቶቹ ጠንካራ፣ ስንቶቹ ላዩ የተበላ፣ ስንቶቹ ሰተት ያሉ። የማዕዘኑን ፎቶ ከውስጥም ከውጭም ያንሱት፣ ሜትር አጠገቡ ዘርግተው። ስንጥቁ ወለሉም ላይ ይቀጥል እንደሆነ ይዩልኝ፤ ከቀጠለ የእግር መቀየሩን ቅደም ተከተል ስለሚለውጠው ከአናጢው ጋር ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት እንነጋገር።